በየማለዳው የሚጠራ ስም

ከወረዳው ከተማ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት
ሴፕቴምበር 17፣ 1972

ለተከበሩ እትዬ ሃንድሱረን፣

ሰላም ሰነበቱ? ባለቤትዎ ደህና ናቸው? በጎቹ ለበረዶው ክረምት የሚበቃ ስብ ይዘዋል? ሣሩ እንዴት ነው? እኛ እዚህ ደህና ነን።

የላኩት የደረቀ እርጎ ደርሷል። ልጄ ይበላል ወይ ላሉት፣ ይበላል፤ የራሱን ጨርሶ የጎረቤቱን ሳህን ማየት ይጀምራል። ያለቅሳል ወይ ላሉት፣ የመጀመሪያዎቹን አራት ቀናት አልቅሷል። አሁን ሌሎቹ ሲያለቅሱ የሚያባብለው እሱ ነው።

ግንባሩ ላይ የቀቡትን ጥላሸት ማን አጠበው ብለው ጠይቀዋል። እኔ ነኝ። እዚህ ጠዋት ጠዋት ሠላሳ አንድ ልጆች በሳሙና ይታጠባሉ። አንዱን ለይቼ ጥላሸት እንደተቀባ ልተወው አልችልም።

ሌላም መንገር የሚገባኝ ነገር አለ። ባለፈው ሳምንት የስም ዓይነቶችን ጀመርን። «ተራራ ብላችሁ?» አልኳቸው። «የወል ስም!» «አልታይ ብላችሁ?» «የተጸውዖ!» «ውሻስ?» «የወል!» «ባሳርስ?» ስል አንዱ ብድግ አለና፣ «መምህርት፣ እሱ የኛ ውሻ ነው፣ ከየት አወቁት?» አለኝ። ከዚያ እያንዳንዱ ተነሥቶ የራሱን ስም እንዲናገር አደረግሁ። የእርስዎ ልጅ ተነሥቶ «ሁንቢሽ» ሲል ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። «ሰው አይደለሁም እያለ ነው» አለ አንዱ። «ታዲያ ምንድን ነህ፣ ፍየል?» አለው ሌላው። ልጁ ደብተሩን ይዞ ተቀመጠ።

እትዬ፣ እኔ አልሳቅሁም፤ አዘንኩ እንጂ። ሰው ጨረቃ ላይ በወጣበት ዘመን፣ ልጅ «ሰው አይደለም» ተብሎ ስም ይወጣለታል? ሦስት ስም ጽፌ ምረጥ አልኩት። ሙንህባትን መረጠ፤ ዘላለም ጽኑ የሚለውን። መዝገቡ ላይ አስፍሬዋለሁ። ደብተሩን በዚሁ ስም ሞልቶታል። ደስ ይበልዎ።

አክባሪዎ
መምህርት ጸንድማ


ከመኸር ሰፈራችን
ኦክቶበር 8፣ 1972

ለተከበሩ መምህርት ጸንድማ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ማስተማሩ አያደክምዎትም? እኛ ደህና ነን፣ በጎቹ ሰብተዋል፣ አንዲት ግመል ብቻ ታነክሳለች። ማንበብና መጻፍ የተማርኩት ካገባሁ በኋላ ነው። ፊደሌ እንደዚያች ግመል ቢያነክስ ይታገሱኝ።

ስሙን ስለቀየሩለት ደስ አላለኝም። ለምን እንደሆነ ልንገርዎትና ይፍረዱኝ።

ከእሱ በፊት ሦስት ወልጃለሁ። ሦስቱም የሚያምር ስም ነበራቸው። አልጽፈውም፤ የሞተ ልጅ ስም እናቱ አትጠራውም። ሦስቱንም አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ያ ልጅ የሚወስድ ነገር አንድ በአንድ መጥቶ ወሰዳቸው። አራተኛው ሲወለድ አማቴ ጆሮው ላይ ጎንበስ ብላ ሦስት ጊዜ «ሰው አይደለም» አለችው። ጸጉሩን እንደ ሴት ልጅ አሳደግነው። ከድንኳን ሲወጣ ግንባሩን ጥላሸት እንቀባዋለን። ያ ነገር መጥቶ በራፍ ላይ ቆሞ «እዚህ ቤት ልጅ አለ ወይ?» ቢል፣ «ኧረ ሰው የለም» ብለን እንመልሰው ነበር። ይህ ውሸት ስምንት ዓመት ሠርቷል።

አሁን እርስዎ «አለ እንጂ፣ ስሙም ይኸውና» ብለው በመዝገብ ጻፉለት።

መምህርት፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት፣ እኔ አልከራከርዎትም። ልጆቹ ይሳቁበት። በሳቅ የሞተ ልጅ አላየሁም። ስሙን ብቻ ይመልሱለት። በበግ ከርስ የታሸገ ቅቤ ልኬልዎታለሁ። ለልጁ አይደለም፣ ለእርስዎ ነው። እሱ ለኔ ነው ቢልዎ ይዋሻል።

ሃንድሱረን


ከወረዳው ከተማ
ኖቬምበር 26፣ 1972

ለተከበሩ እትዬ ሃንድሱረን፣

ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል? ስለ ቅቤው እግዜር ይስጥልኝ፤ እውነትም ለኔ ነው ብሎኝ ነበር።

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለምን ዝም አሉ ብለው በሁለተኛው ደብዳቤዎ ጠይቀዋል። መዝገቡ ወደ አውራጃው ሄዷል፤ አይፋቅም። ቢፋቅ እንኳ አልፍቀውም። እውነቱን ልንገርዎ፣ ሦስቱ ልጆችዎ የሞቱት በስማቸው ምክንያት አይደለም። ሐኪም በሌለበት ጊዜ ስለተወለዱ ነው። ይህን ያልኩት ላሳዝንዎ አይደለም።

ልጁን ቢያዩት ይገረማሉ። ሙንህባት ብዬ ስጠራው አገጩን ቀና አድርጎ ነው የሚነሣው። በፌብሩዋሪ ከአውራጃ ጎብኚዎች ይመጣሉ፤ የሚያዩት የኔን ክፍል ነው፣ ትምህርቱም የስም ዓይነቶች። ሰሌዳው አጠገብ ቆሞ የሚመልሰው የእርስዎ ልጅ እንዲሆን መርጫለሁ። በዚያን ቀን የተነሣውን ፎቶ እልክልዎታለሁ፤ ያኔ ይቅር ይሉኛል።

አክባሪዎ
ጸንድማ


ከወረዳው ከተማ
ፌብሩዋሪ 10፣ 1973

ለተከበሩ እትዬ ሃንድሱረን፣

በረዶው በርትቶባችኋል ሲሉ ሰማሁ። ከብት አልቆባችኋል? እግዜር ይሁናችሁ።

ስለ ኩፍኙ የደረሰዎት ወሬ የተጋነነ ነው። ጥቂት ልጆች ታመው ነበር፣ ተለይተው ተኝተዋል። የእርስዎን ልጅ ትንሽ ጉንፋን ነገር ያዘው እንጂ ሌላ የለበትም። ልምጣ ወይ ላሉት፣ አይምጡ። መንገዱ ተዘግቷል፣ በዚህ ብርድ በጎቹን ጥለው መምጣትዎ አያስፈልግም። ጎብኚዎቹ ነገ ይደርሳሉ። ከነሱ በኋላ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

ጸንድማ


ፌብሩዋሪ 15፣ 1973

እትዬ ሃንድሱረን፣

ይህን ወረቀት የሚያደርስላችሁ የወረዳው መኪና ነው። በዚያው መኪና ኑ። ሁለታችሁም ኑ። ትልቁን የበግ ለምድ ይዛችሁ ኑ።

ጸንድማ


ከበጋ ሰፈራችን
ጁን 2፣ 1973

ለጸንድማ፣

እርስዎ ማለት ደከመኝ። ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ነሽ።

ልጄን የት እንዳሳረፍነው ጠይቀሻል። አልነግርሽም። አበባ ላመጣ ነው ብለሻል። አበባሽን ለጎብኚዎችሽ ስጪ።

ከብቱ ክረምቱን እንዴት ተወጣው ብለሻል። ግማሹ ተርፏል። የተረፉት ስም ያላወጣሽላቸው ናቸው።

ከልብሱ ጋር ደብተሩን ሰጥታችሁናል። አባቱ ሊያቃጥለው ነበር፣ ቀማሁት። ለማንበብ ሁለት ወር ፈጀብኝ። አንዱ ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፤ «የተጸውዖ ስም አንዱን ከሌላው ሁሉ ለይተን የምንጠራበት ነው። ሲጠራ ማን እንደተጠራ ማንም አይሳሳትም።» ከሥሩ በቀይ «በጣም ጥሩ» ብለሽበታል።

እኔም ብሆን በጣም ጥሩ ነው እላለሁ። ገብቶኛል።

ጠዋት ጠዋት በእንጨቱ ጭልፋ ወተት ወደ ሰማይ እንረጫለን፤ እናትሽም ትረጭ ነበር፣ ታውቂዋለሽ። ድሮ ስረጭ ስለ ዝናብና ስለ ልጄ ጤና ነበር የምለምነው። አሁን ያንቺን ስም ነው የምጠራው። የሉቭሳን ልጅ ጸንድማ እላለሁ። ከትምህርት ቤቱ በስተምሥራቅ፣ አረንጓዴ በር ያለው ቤት እላለሁ። አገጯ ላይ በግራ በኩል ጥቁር ነጥብ አለባት እላለሁ። «መምህርቷ» ብቻ ብል ያ ነገር ሌላይቱን ሊወስዳት ይችላል፤ መምህርት የወል ስም ነው። አየሽ፣ ጎበዝ ተማሪ ነኝ።

በዚህች ጨርቅ ጥላሸት ቋጥሬ ልኬልሻለሁ። ከልጄ ግንባር ያጠብሽው ነው፤ ንብረትሽ ነው። በየዓመቱ ትምህርት ቤት ሲከፈት እልክልሻለሁ።

ሃንድሱረን


ከወረዳው ከተማ
ኦክቶበር 11፣ 1976

ለተከበሩ እትዬ ሃንድሱረን፣

ሰላም ከርመዋል? የባለቤትዎን ማረፍ ሰማሁ። ነፍሳቸውን ይማር። ለቅሶ ልመጣ ተነሥቼ ግማሽ መንገድ ላይ ተመለስኩ።

የዘንድሮው ቋጠሮም ደርሶኛል። ከቀሩት ጋር አስቀምጬዋለሁ። ስንት ቀን ታሞ ነበር ብለው ከቋጠሮው ጋር በየዓመቱ ይጠይቁኛል፤ በየዓመቱ ዝም ብያለሁ። አሁን ልመልስ።

አሥራ አንድ ቀን። ጉንፋን ብዬ በጻፍኩልዎ ቀን ሽፍታው ፊቱ ላይ ወጥቶ ነበር። ትምህርት ቤቱ ታሟል ከተባለ ጎብኚዎቹ ይመለሳሉ ብዬ ፈራሁ። በማግስቱ አለበስኩት፣ ሰሌዳው ጋ አቆምኩት። ግድግዳውን ይዞ ቆመ። ጎብኚው «ስምህ ማነው?» አለው። «ሙንህባት።» «ምን ዓይነት ስም ነው?» «የተጸውዖ ስም ነው፣ ጌታዬ። የኔ ብቻ ነው።» አጨበጨቡለት። እኔም አጨበጨብኩ። ያን ቀን ፎቶ ተነሥቶ ነበር። አልላክሁልዎትም።

አሁን የኔን ልንገርዎ። የዛሬ ሁለት ዓመት ወንድ ልጅ ወልጄ በሃያ ቀኑ ሞተ። ባለፈው የበረዶ ክረምት ሴት ልጅ ወልጄ ነበር፤ እሷ አርባ ቀን ኖረች። ሐኪም ነበር፣ መድኃኒት ነበር። ለልጆች መብረቅ ከምን እንደሚመጣ የማስተምር ሰው ነኝ፣ እንዲህ ዓይነት ነገር አላምንም። ሆኖም ባለፈው ወር የቤቴን በር ቡናማ ቀባሁት።

ይቅርታዎን የሚፈልገው
ጸንድማ


ከክረምት ሰፈራችን
ኖቬምበር 20፣ 1976

ለጸንድማ፣

በሩን ቡናማ እንደቀባሽው ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። ከነገ ጀምሮ ቡናማ እላለሁ።

አሥራ አንድ ቀን አልሽ። እኔ በፈረስ ሁለት ቀን ነው የሚፈጅብኝ። በረዶም ቢሆን ሦስት። ደርሼ፣ ሻይ አጠጥቼው፣ ጥላሸቱን ቀብቼው፣ በራሱ ስም ጠርቼው ገና ስምንት ቀን ይተርፈን ነበር። ስሙን የቀየርሽው ስለማታውቂ ነው እል ነበር። እነዚህን ስምንት ቀኖች ግን እያወቅሽ ነው የወሰድሽው።

ልጆቼን የገደልሻቸው አንቺ ነሽ ወይ ብለሽ ልትጠይቂኝ ፈልገሽ አልጠየቅሽም። እመልስልሻለሁ። እኔ አንቺን ነው የጠራሁት። ልጆችሽን አልጠራሁም፣ መወለዳቸውንም አላውቅም ነበር። አንቺን ፍለጋ መጥቶ እነሱን አግኝቶ ከሆነ ስሕተቱ የኔ አይደለም፤ እኔ ለይቼ ነው የነገርኩት።

ምን ብለሽ ስም አውጥተሽላቸው ነበር? ተይው፣ አትንገሪኝ። ከዚህ በኋላም አትጻፊልኝ።

ሃንድሱረን


ከወረዳው ከተማ
ማርች 6፣ 1977

ለተከበሩ እትዬ ሃንድሱረን፣

ክረምቱ ወጣላችሁ? ጠቦቶቹ መወለድ ጀመሩ?

ከዚህ በኋላ አትጻፊልኝ ብለውኝ ነበር። ይህን አንዴ ያንብቡልኝና ከዚያ ያቃጥሉት። እርጉዝ ነኝ፤ ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ። በሜይ እወልዳለሁ።

አማቴ፣ ልጆች የማይበረክቱላት ሴት ለልጇ ስም ራሷ አታወጣም ትላለች። ልጅ የቀበረች፣ ሐዘኗ ገና ያልበረደ ሴት ተለምና ታወጣለች፤ ያ ነገር እሷን ያውቃታል፣ የሷን ቃል ያምናል ትላለች። ድሮ እንዲህ ስትል ከቤት እወጣ ነበር። አሁን የሦስት ሴቶች ስም ነገረችኝ። ሦስቱም ደግ ናቸው፣ እሺ ይሉኛል። ነገር ግን ለማንም ብሄድ እርስዎ ጠዋት ጠዋት ስሜን ይጠራሉ፤ ሌላ ሰው ያወጣው ስም ምን ይጠቅመኛል?

ስለዚህ የምለምነው እርስዎን ነው። ለልጄ ስም ይላኩልኝ። የላኩትን አወጣለታለሁ። ምንም ቢሆን።

ጸንድማ


ከጸደይ ሰፈራችን
ኤፕሪል 14፣ 1977

ለጸንድማ፣

«ምንም ቢሆን» አልሽ። ይህን ቃል ስታወጪ አስበሽበታል?

ደብዳቤሽ እንደደረሰ መልስ ጽፌ ነበር። የሚያምር ስም ነበር የጻፍኩልሽ። ከሦስት ተራራ ማዶ የሚሰማ፣ እንደ ደወል የሚጮህ ስም። ይህን ስም ያለው ልጅ የትም ቢደበቅ ይገኛል። አጥፌ፣ አሽጌ፣ ሳጥኑ ላይ አስቀመጥኩት። የፖስታው ሰውዬ መጣ፣ ሻይ ጠጣ። «የሚላክ አለሽ፣ እማማ?» አለኝ። «ለሚቀጥለው ሳምንት» አልኩት። በሚቀጥለው ሳምንት መጣ፣ «አሁንስ?» አለኝ። «አንተ ምን አስቸኮለህ፣ የሚወለደው ያንተ ነው?» አልኩት። ከሄደ በኋላ እምድጃው ውስጥ ከተትኩት።

ራርታልኝ ነው እንዳትዪ። ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ልጅሽ ቢሞት ታለቅሻለሽ፤ ሰው ያጽናናሻል፣ ቅቤና እርጎ ያመጣልሻል፣ እኔና አንቺ እኩል እንሆናለን። ካንቺ ጋር እኩል መሆን አልፈልግም።

ስለዚህ ስሙ ይኸው፤ ሁንቢሽ።

ሴትም ብትሆን ወንድ። የሞተ ልጅ ስም ለሌላ አይሰጥም ይሉሻል አማትሽ። ንገሪያቸው፤ ልጄ በዚህ ስም አልሞተም። ይህ ስም ስምንት ዓመት ጠብቆታል፣ እንከን የለበትም። የሞተው አንቺ በሰጠሽው ስም ነው።

መዝገብ ላይ በገዛ እጅሽ ጻፊው። ከቤት ሲወጣ ግንባሩን ቀቢው፤ ጥላሸት እንደሆን አለሽ፣ ልኬልሻለሁ። ትምህርት ቤት ሲገባ የስም ዓይነት ስታስተምሪ አስነሥተሽ ስሙን አናግሪው። ሲስቁበት ዝም አታሰኚያቸው።

እኔ ያን ስም በአፌ አላወጣውም፤ እናቱ ነኝ፣ አይፈቀድልኝም። አንቺ ግን ትጠሪዋለሽ። ሻይ ሲፈላ ትጠሪዋለሽ። ጫማውን ሲጥል ትጠሪዋለሽ። ፀሐይ ስትጠልቅ በር ላይ ቆመሽ ሰፈሩ እስኪሰማ ትጠሪዋለሽ። ባጠፋ ጊዜ ትቆጪበታለሽ፣ ሲያድር ትስሚበታለሽ። በየቀኑ፣ እስክትሞቺ። የኔ ፍርድ ይህ ነው።

ሃንድሱረን


ከወረዳው ከተማ
ሴፕቴምበር 22፣ 1985

ለተከበሩ እትዬ ሃንድሱረን፣

ሰላም ከርመዋል? ጉልበትዎ ተሻለዎት? ስለላኩት የደረቀ እርጎ እግዜር ይስጥልኝ። ልጁ ለኔ ነው አለ።

በየትኛው እጁ ይጽፋል ላሉት፣ በግራው ነው። ይዋኛል ወይ ላሉት፣ ወንዙ ዳር እንዳይደርስ ከልክዬዋለሁ። ይዋሻል ወይ ላሉት፣ አዎ፣ ግን ወዲያው ይስቃል።

ዘንድሮ እኔ ክፍል ገብቷል። ባለፈው ሐሙስ የስም ዓይነቶችን አስተማርኩ። ያዘዙኝን አደረግሁ። ተነሣ አልኩት፣ ግንባሩ ላይ ጥላሸቱ እንዳለ ተነሣ። «ሁንቢሽ» አለ። ሳቁ። ዝም አላሰኘኋቸውም። አንዲት ልጅ «ሰው ካልሆንክ ምንድን ነህ ታዲያ?» አለችው። «እኔ እንጃ፣ ስሙን ያወጡልኝ እማማ ሃንድሱረን ናቸው፤ እሳቸውን ጠይቂ» አላት። ቤት ውስጥ ከሰማው ውጭ ስለ እርስዎ አያውቅም። ወደሚቀጥለው ልጅ አለፍኩ።

ለመድሽው ወይ ብለው ጠይቀውኛል። ስምንት ዓመት ጠራሁት፣ አንድም ቀን አልለመድኩትም። ማታ በር ላይ ቆሜ ስጠራው ሁለት ልጆች ሲሮጡ ይታየኛል። አንዱ ብቻ ይደርሳል።

ዘንድሮ ቋጠሮ አልመጣም። ስንት ሳምንት ጠበቅሁ። ታመው ይሆን ብዬ ነው የምጽፈው። ወተቱንስ አሁንም ይረጫሉ? ማንን ይጠራሉ?

ጸንድማ


ከመኸር ሰፈራችን
ኦክቶበር 19፣ 1985

ለጸንድማ፣

አልታመምኩም። ጥላሸት ያልላክሁት የምልክልሽን ያህል ስለላክሁ ነው።

ወተቱን አሁንም እረጫለሁ። ማንን እንደምጠራ ጠይቀሻል። አልነግርሽም።

ትምህርት ሲዘጋ ልጁን ይዘሽልኝ ነይ። መኪናው ከኮረብታው ሥር ያወርዳችኋል፤ ውሻ አለ፣ ሳትጣሩ እንዳትጠጉ። እኔ በራፍ ላይ እቆማለሁ። ልጁ ቀድሞሽ ወደኔ ይሮጥ። ስሙን አልጠራውም፣ «ና» ብቻ ነው የምለው፤ እንዳይከፋው ንገሪው።

አንቺ ከኋላ ሆነሽ ጥሪው። ጮክ ብለሽ ጥሪው፤ ጆሮዬ ደክሟል።

ሃንድሱረን